የስትራክቸር በያጅ እና የግፊት ቱቦ በያጅ፦ ፈተናዎቹ የት ይገጥማሉ፣ የት ይለያያሉ

«6ጂ ያለፈ ሁሉንም ይበይዳል» የሚለው አባባል ብየዳ ባለበት ሁሉ ይሰማል። ስለ አቀማመጥ ብቻ ከሆነ ልክ ነው። 6ጂ የሚባለው ፈተና ግን የሚናገረው ቱቦው በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ሳይዞር መበየዱን ነው። ስለ ውፍረት፣ ስለ ዲያሜትር፣ ስለ ኤሌክትሮድ ዓይነት፣ መጋጠሚያውን ከሥር የሚይዝ ብረት፣ ማለትም ባኪንግ፣ ስለ መኖር አለመኖሩ ምንም አይናገርም። የበያጅ ወረቀት የገደቦች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው መነበብ አለበት። ግፊት የሚበይድ ሰው ስትራክቸርን ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይበይዳል ብሎ መገመትም ሆነ፣ በዝርግ ብረት (ፕሌት) 3ጂ (ቁም) እና 4ጂ (ከራስ በላይ) ያለው ሰው ቱቦ ላይ ትንሽ ቢለማመድ ይበቃዋል ማለት ሥራ ላይ ችግር የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ የሚነጻጸሩት በብዛት የሚጠየቁት ሁለቱ ኮዶች ናቸው። ለብረት መዋቅር የአሜሪካ ብየዳ ማኅበር (ኤደብሊውኤስ) ዲ1.1፣ ለግፊት ደግሞ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (አስሚ) ሴክሽን 9። ዲ1.1 ዲዛይኑን፣ ብየዳውን፣ ፈተናውንና ቁጥጥሩን በአንድ መጽሐፍ ይዟል፤ የሚመለከተውም ከ3 ሚሜ ያላነሰ ውፍረት ያለውን የካርቦንና ዝቅተኛ ቅይጥ ብረት ነው። ከዚያ የቀጠነ ቆርቆሮ በዲ1.3፣ አልሙኒየም በዲ1.2፣ ስቴንለስ በዲ1.6 ይታያል። ሴክሽን 9 ግን ብቻውን ምንም አይሠራበትም። የአሠራር ሰነድና የበያጅ ብቃት እንዴት እንደሚፈተን ብቻ ይናገራል፤ ቦይለር ከሆነ ሴክሽን 1፣ ግፊት ያለው ታንክ ከሆነ ሴክሽን 8፣ የኃይል ማመንጫ ቱቦ ከሆነ ቢ31.1፣ የፋብሪካ ሂደት ቱቦ ከሆነ ቢ31.3 ጠርተው ያሠሩታል። ስለዚህ «ሴክሽን 9 አለኝ» የሚል በያጅ የሚቀጥለው ጥያቄ «ለየትኛው የግንባታ ኮድ?» መሆኑን ይወቅ፤ እነዚህ ኮዶች በሴክሽን 9 ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ። አገር አቋራጭ የነዳጅና የጋዝ መስመር ደግሞ ከሁለቱም ውጪ ነው፤ እሱ በአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ኮድ፣ በኤፒአይ 1104፣ ይፈተናል።

በያጁ ፈተናውን የሚበይደው በጽሑፍ በተቀመጠ የብየዳ አሠራር ሰነድ፣ በደብሊውፒኤስ፣ ነው። ዲ1.1 በኮዱ ውስጥ ያሉትን ገደቦች እስካከበረ ድረስ ሰነዱን ያለ ላቦራቶሪ ሙከራ መጻፍ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ብቁ የሚባለው ይኼ ነው። የመጋጠሚያው ቅርጽ፣ የብረቱና የኤሌክትሮዱ ጥምረት፣ የማሞቂያው ሙቀት ከሠንጠረዦቹ ይወሰዳል። ሴክሽን 9 ይህ መንገድ የለውም። እያንዳንዱ ደብሊውፒኤስ ናሙናው በተግባር ተበይዶ፣ ተጎትቶ፣ ታጥፎ ውጤቱ የተመዘገበበት፣ ፒኪውአር የሚባል መዝገብ ከጀርባው ሊኖረው ይገባል፤ ከዚህ የሚወጡት ኤደብሊውኤስ አዘጋጅቶ ኮዱ የተቀበላቸው መደበኛ ሰነዶች ብቻ ናቸው። ለበያጁ ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ፈተናው ላይ ከመቆሙ በፊት ሰነዱን ጠይቆ ማንበብ። አምፔሩ፣ የክፍተቱ ስፋት፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከሰነዱ የወጣ ብየዳ ምንም ያህል ቢያምር ኢንስፔክተሩ ሊያስቆመው ይችላል።

የስትራክቸሩ ፈተና

ገደብ ለሌለው ውፍረት የሚያበቃው የዲ1.1 ናሙና 25 ሚሜ ፕሌት ነው። ሁለቱም ጠርዞች ተቆርጠው በድምሩ 45 ዲግሪ ይከፈታሉ፣ ከታች የ6 ሚሜ ክፍተት ይተዋል፣ ከሥሩም የብረት ባኪንግ ይታሰራል። በ10 ሚሜ ፕሌት ከተፈተናችሁ ከ3 እስከ 20 ሚሜ ድረስ ብቻ ትበይዳላችሁ። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ጊዜና ብረት ካለ 25 ሚሜውን መውሰድ ይሻላል።

ይህ ፈተና ቀላል የሚመስለው ባኪንግ ስላለው ነው። ሩቱ፣ ማለትም የመጋጠሚያው ሥር፣ አይፈስም፣ ቀዳዳ አይከፈትም። የሚጥለው ሌላ ነገር ነው፤ ከባኪንጉና ከፕሌቱ ማዕዘን ጋር ሳይዋሃድ የሚቀር የመጀመሪያ ፓስ (አንድ ዙር ብየዳ)፣ እና በጎን ግድግዳው ላይ የሚታሰር ስላግ (የኤሌክትሮዱ ሽፋን ቀልጦ የሚተወው ቅርፊት)። 6 ሚሜ ክፍተት ውስጥ አንድ ቢድ (የብየዳ መስመር) መሃል ላይ ከተቀመጠ ሁለቱም ማዕዘኖች ይራባሉ። የመጀመሪያውን ፓስ ሁለቱንም ማዕዘኖች እንዲነካ ማወዛወዝ ወይም ሁለት ቢድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ3ጂ ወደ ላይ በ3.2 ሚሜ ኢ7018 ኤሌክትሮድ ሲበየድ ጎኖቹ ላይ አፍታ መቆም፣ መሃሉን ቶሎ ማለፍ። መሃሉ ላይ የሚቆይ በያጅ ሆዱ የወጣ ቢድ ይሠራል፤ በሆዱና በግድግዳው መካከል የሚፈጠረው ጠባብ ሸለቆ ስላግ ይይዛል፣ የሚቀጥለው ፓስም አያቀልጠውም። እንዲህ ያለ ሸለቆ ከታየ ስላጉን በመዶሻ ብቻ ማንሳት አይበቃም፤ በቀጭን ዲስክ ተከፍቶ ቅርጹ ሲስተካከል ነው ቀጣዩ ፓስ የሚቀመጠው።

ኤሌክትሮዱም የራሱ ደንብ አለው። ኢ7018 እሽጉ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ምድጃ ይቀመጣል፤ ከምድጃ ወጥቶ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ለዚህ ክፍል 4 ሰዓት ነው። እርጥበት የገባው ኤሌክትሮድ መጀመሪያ የሚያሳየው የአየር ቀዳዳ ነው፣ በተለይ ብየዳው በሚነሳበት ቦታ። ፈተና ቦታው ላይ ክፍት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ኤሌክትሮድ ቢሰጧችሁ ምድጃ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የግፊቱ ፈተና

ብዙ ቦታ የሚሰጠው ናሙና ባለ 2 ኢንች ድብል ኤክስትራ ስትሮንግ ቱቦ ነው፤ የውጭ ዲያሜትሩ 60.3 ሚሜ፣ የግድግዳው ውፍረት 11.07 ሚሜ። አቀማመጡ 6ጂ፣ ሩቱ ክፍት፣ ያለ ባኪንግ። ሩቱ በቲግ (በተንግስተንና በአርጎን ጋዝ፣ ሽቦው በእጅ እየተመገበ)፣ ቀሪው በስቲክ (ሽፋን ባለው በትር ኤሌክትሮድ)። ይህን ናሙና የመረጡት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ትንሽ ብረት ይፈልጋል፣ ብዙ ዲያሜትር ይከፍታል። ግን ሰው ከሚያስበው ያነሰ ውፍረት ይሰጣል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ዝግጅቱ ከብየዳው ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። ቢቭሉ (የጠርዙ አግድመት ቁርጥ) በእያንዳንዱ ወገን 37.5 ዲግሪ ገደማ፣ ላንዱ (ከጠርዙ ሥር ሳይቆረጥ የሚቀረው ጠፍጣፋ ፊት) ከዜሮ እስከ 1.6 ሚሜ፣ ክፍተቱ ከ2.4 እስከ 3.2 ሚሜ፤ ደብሊውፒኤሱ ሌላ ካለ እሱ ይከበር። ከውስጥም ከውጭም 25 ሚሜ ያህል ዝገትና ቅባት እስኪጠፋ ይጠረጋል። የውስጡን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ የቲግ ሩት ደግሞ የሚቆሽሸው ከዚያ ነው። አራት ታክ (ቱቦዎቹን አጣብቆ የሚይዝ አጭር ብየዳ) በእኩል ርቀት ይደረጋል፣ የእያንዳንዱ ታክ ሁለት ጫፍ በግራይንደር እስኪሳሳ ይሞረዳል። ያልተሞረደ ታክ ላይ ሩት ሲደርስ ማቅለጥ ያቅታል፤ በራጅ ላይ ያልተዋሃደ ቦታ ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ ታክ የነበረበት ነው። አንድ ጊዜ ቱቦው በ45 ዲግሪ ከታሰረ በኋላ እስከ መጨረሻው አይዞርም፤ የላይኛው ነጥብ ከመጀመሩ በፊት በቺዝል ምልክት ይደረግበት፤ ቁርጥራጮቹ የሚወጡበትን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው።

ለቲግ ሩቱ 2.4 ሚሜ ሽቦ በዚህ ክፍተት ጥሩ ይሠራል። ከታች፣ በሰዓት ፊት 6 ቁጥር ባለበት አካባቢ፣ ሽቦውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መመገብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቀልጦ ወደ ታች ስለሚወርድ ሩቱ ከውስጥ ይሰረጉዳል። ከላይ በተቃራኒው ውስጥ ድረስ ይንጠባጠባል። ክፍተቱ ሲሞቅ እየጠበበ ስለሚሄድ በመጨረሻ የሚዘጋውን ሩብ ከመጀመሪያው ትንሽ ሰፋ አድርጎ መተው ልምድ ያላቸው ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የስቲክ ፓስ ሌላ አደጋ አለው፤ ሩቱ ከ3 ሚሜ በታች ሳስቶ ከተሠራ 3.2 ሚሜ ኤሌክትሮድ በሙሉ አምፔር በስቶት ይወጣል። ሁለተኛውን ፓስ በቲግ ወይም በ2.5 ሚሜ ኤሌክትሮድ ማድረግ ከዚህ ያድናል፤ ምርጫው ግን ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ውፍረት ይለውጣል።

የውፍረቱ ስሌት

ሴክሽን 9 የሚያየው የቱቦውን ግድግዳ ሳይሆን በያጁ በእያንዳንዱ ዘዴ ያስቀመጠውን የብየዳ ብረት ውፍረት ነው፤ ከላይ ያበጠው ካፕ አይቆጠርም። ያስቀመጠውን እጥፍ ያህል እንዲበይድ ይፈቀድለታል። ያስቀመጠው 13 ሚሜ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ቢያንስ በሦስት ንብርብር ከሆነ ገደቡ ይነሳል።

በ11.07 ሚሜ ግድግዳ ላይ 3 ሚሜ ቲግ እና 8 ሚሜ ስቲክ የበየደ ሰው በቲግ እስከ 6 ሚሜ፣ በስቲክ እስከ 16 ሚሜ ይፈቀድለታል። ሁለቱን ደምሮ በሁለቱም 22 ሚሜ ነው ማለት ስህተት ነው። ግድግዳው 8 ሚሜ የሆነ ትንሽ ቱቦ ከሩት እስከ ካፕ በቲግ ብቻ ይበየድ ቢባል ይህ ሰው ብቁ አይደለም፤ ያው ቱቦ ሩቱ በቲግ፣ ቀሪው በስቲክ ቢሆን ግን ብቁ ነው። ለዚህ ነው ፈተና የሚያዘጋጅ ክፍል መጀመሪያ ሥራ ላይ ያሉትን ውፍረቶች አይቶ፣ አንዱን ናሙና ሙሉ በሙሉ በቲግ፣ ሌላውን በጥምር ማስበየድ ያለበት።

ባለ 6 ኢንች ቱቦ ላይ የሚያጋጥመው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። ስኬጁሉ (የግድግዳ ውፍረት ደረጃው) 120 የሆነው 14.27 ሚሜ ግድግዳ ስላለው «ከ13 ይበልጣል፣ ገደብ የለውም» ተብሎ ይወሰዳል። በአንድ ዘዴ ብቻ ከተበየደ እውነት ነው። 3 ሚሜው በቲግ ከሆነ ግን ለስቲኩ የሚቀረው 11.27 ሚሜ ነው፤ እጥፉ 22.5 ሚሜ፣ አበቃ። ስኬጁል 160 ቢሆን 18.26 ሚሜ ስለሆነ ከቲጉ በኋላ 15.26 ይቀራል፣ ስቲኩም ገደብ የለሽ ይሆናል። ብረቱ ትንሽ ውድ ነው፣ ሁለተኛ ፈተና ግን ከዚያ ይበልጣል።

በአንድ ናሙና ላይ ሁለት ዘዴ ሲጣመር አንዱ ክፍል ከወደቀ ጥምሩ በሙሉ ወድቋል። ሩቱ ደህና ነበር ተብሎ የቲጉ ወረቀት ተነጥሎ አይሰጥም።

ዲ1.1 እንዲህ አያሰላም። የሚያየው የናሙናውን ፕሌት ወይም ቱቦ ውፍረት ነው፤ 10 ሚሜ ከሆነ እጥፉ፣ 25 ሚሜ ከሆነ ገደብ የለም። በዚህ በኩል ስትራክቸሩ ገር ነው።

ዲያሜትር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሴክሽን 9 ወደ ታች ብቻ ይገድባል፤ ውጫዊ ዲያሜትሩ ከ25 ሚሜ በታች የሆነ ቱቦ የበየደ ሰው ከበየደው መጠን ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከ25 እስከ 73 ሚሜ ባለው የበየደ ከ25 ሚሜ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከ73 ሚሜ ጀምሮ ያለውን የበየደ ከ73 ጀምሮ ወደ ላይ ይፈቀድለታል። ዲ1.1 ወደ ላይም ይገድባል፤ ባለ 2 ኢንች ስኬጁል 80 ወይም ባለ 3 ኢንች ስኬጁል 40 የተፈተነ ሰው ከ20 እስከ 100 ሚሜ ዲያሜትርና ከ3 እስከ 20 ሚሜ ውፍረት ብቻ ያገኛል። ከ100 ሚሜ በላይ ለመሄድ ባለ 6 ኢንች ስኬጁል 120 ወይም ባለ 8 ኢንች ስኬጁል 80 ያስፈልገዋል። በዚያች ትንሽ ቱቦ ግፊቱ ላይ ማንኛውንም ትልቅ ቱቦ የሚበይድ ሰው፣ ስትራክቸር ላይ ትልቅ ቱቦ ሲመጣ ወረቀቱ አይበቃውም።

አቀማመጥ

3ጂ ፕሌት በዲ1.1 ጠፍጣፋ፣ አግድምና ቁም ግሩቭ (በሁለት ጠርዞች መካከል የሚሞላ ብየዳ) ይፈቅዳል። በሴክሽን 9 ያው 3ጂ ጠፍጣፋና ቁም ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አግድም ግሩቭ ከፈለጋችሁ 2ጂ መጨመር አለበት። 4ጂ በሁለቱም ጠፍጣፋና ከራስ በላይ ነው። ስለዚህ በስትራክቸር 3ጂ እና 4ጂ ሲጣመሩ ሁሉንም አቀማመጥ ይሸፍናሉ፤ በግፊት ኮዱ ግን አግድሙ ይጎድላል፣ ሁሉንም ለማግኘት 2ጂ፣ 3ጂ እና 4ጂ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ቱቦ ላይ ሁለቱም ይስማማሉ፤ 5ጂ (ቱቦው በአግድም ተኝቶ ሳይዞር የሚበየድበት) ከአግድም በቀር ሁሉንም፣ 6ጂ ወይም 2ጂ ከ5ጂ ጋር ሁሉንም ይሰጣል። በፕሌት የተፈተነ ሰው ቱቦ መበየድ የሚችለው በሁለቱም ኮዶች በዋናነት ከ600 ሚሜ በላይ ዲያሜትር ላይ ነው፤ ዲ1.1 ለዚያም ባኪንግ ወይም ከጀርባ ተቆፍሮ መበየድን ይጠይቃል።

ስትራክቸሩ የራሱ የሆነ፣ ግፊቱ የማያውቀው አንድ አቀማመጥ አለው፤ 6ጂአር። ቱቦ ከቱቦ ጋር በቲ፣ በዋይ ወይም በኬ ቅርጽ ሲጋጠምና ከአንድ ወገን ብቻ ሙሉ ዘልቆ ሲበየድ ይጠየቃል። ከመጋጠሚያው በ12 ሚሜ ርቀት ውስጥ ቀለበት ይታሰራል፣ ክንድና ችቦ የሚገባበት ቦታ ይጠባል። 6ጂ ብቻ ያለው የግፊት በያጅ ለዚህ ሥራ በቀጥታ ብቁ አይደለም። ከሁሉም ፈተናዎች ከባዱ የትኛው ነው ለሚለው የእኛ መልስ ይኼኛው ነው፤ ከስትራክቸሩ ወገን መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል።

ባኪንግ፣ ኤሌክትሮድ እና የብረት ዓይነት

ሁለቱም ኮዶች ላይ ባኪንግ ያለው ፈተና ባኪንግ የሌለው ሥራ አይፈቅድም፤ በተቃራኒው ይፈቅዳል። የስትራክቸር በያጅን ከግፊት ሥራ የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ነው። የ25 ሚሜ ፕሌት ወረቀት በክፍት ሩት ላይ ዋጋ የለውም፣ ስትራክቸር ውስጥም ቢሆን። ሁለቱም ወገን የሚበየድ መጋጠሚያና ፊሌት (የማዕዘን ብየዳ) ግን ባኪንግ እንዳለው ይቆጠራል።

ይህ ግፊቱ ላይ የሚፈጥረው ስውር ውጤት አለ። በቲግ ሩት ላይ ኢ7018 የሞላ ሰው ስቲኩን የበየደው «ከባኪንግ ጋር» ነው፤ ከሥሩ ያለው የቲግ ብረት ባኪንጉ ሆኗል። ያ ሰው ሩቱን በስቲክ ይክፈት ቢባል ብቁ አይደለም። ኢ6010 ሩት ያለበት ሥራ ካለ ለብቻው መፈተን አለበት።

ኤሌክትሮዶች በኤፍ ቁጥር ይመደባሉ፤ ኢ7024 ኤፍ1፣ ኢ6013 ኤፍ2፣ ኢ6010 እና ኢ6011 ኤፍ3፣ ኢ7018 ኤፍ4። በዲ1.1 ከፍ ባለው ቁጥር የተፈተነ ዝቅ ያለውን ይበይዳል። ሴክሽን 9 ላይ ይህ መውረድ የሚሠራው ባኪንግ ላለው ሥራ ነው፤ በኢ7018 ያለ ባኪንግ የተፈተነ ሰው እንኳ ኢ6010ን በክፍት ሩት መጠቀም አይፈቀድለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ6010 ሩት የሚገረፍ፣ ቀዳዳውን እያዩ የሚሄዱበት እጅ ነው፣ የ7018 እጅ አይደለም።

በብረት ዓይነት ሴክሽን 9 ሰው ከሚጠብቀው በላይ ለጋስ ነው። በካርቦን ብረት የተፈተነ በያጅ ስቴንለስን እና ኒኬል ቅይጦችን ጨምሮ ብዙ ቡድኖችን ይበይዳል፣ የሚሞላው ብረት የኤፍ ቁጥር እስከተፈቀደለት ድረስ። የቲግ ሽቦ ለካርቦንም ለስቴንለስም ኤፍ6 ስለሆነ በካርቦን ቱቦ ያለፈ የቲግ በያጅ በኮዱ መሠረት ስቴንለስ ቱቦ ይበይዳል። በኮዱ መሠረት ነው ያልነው። ስቴንለስን ከውስጥ በአርጎን ሳይሞሉ የበየዱት ሩት እንደ ተቃጠለ ስኳር ይሻክራል፤ ያንን የማያውቅ ሰው ወረቀቱ ስለፈቀደለት ብቻ ማሰማራት ብልህነት አይደለም። ብዙ የሥራ ባለቤቶች ለስቴንለስ ተጨማሪ ፈተና የሚጠይቁት በዚህ ነው። ከጋዙ ጋር የተያያዘ ሌላ ነጥብ፤ ከውስጥ በጋዝ ተሞልቶ የተፈተነ ሰው በክፍት ሩት ላይ ጋዙን መተው አይችልም፣ ያለ ጋዝ የተፈተነ ግን መጨመር ይችላል።

በሁለቱም ኮዶች ቁም ብየዳ ወደ ላይ የተፈተነ ወደ ታች አይበይድም፣ ወደ ታች የተፈተነም ወደ ላይ። በሚግ (ሽቦው በማሽን በሚመገብበት ዘዴ) ላይ ሾርት ሰርኪት የሚባለው የቀለጠ ብረት ማስተላለፊያ ለብቻው ይታያል፤ ዲ1.1 እንደ ሌላ ዘዴ ነው የሚቆጥረው።

ፍተሻው

መጀመሪያ በዓይን። ሴክሽን 9 የሚጠይቀው ባጭሩ ሙሉ ዘልቆ መግባትና ሙሉ መዋሃድ ነው። ዲ1.1 ቁጥር ያስቀምጣል፤ ስንጥቅ የለም፣ የቢድ መጨረሻ ጉድጓዶች ሁሉ የተሞሉ፣ የካፕ ከፍታ ከ3 ሚሜ ያልበለጠ፣ አንደርከት (በቢዱ ጠርዝ የተበላ ቦይ) ከ1 ሚሜ ያልበለጠ። ብዙ ናሙና የሚወድቀው እዚሁ፣ ማሽን ሳይነካው ነው።

ከዚያ ማጠፍ ወይም ራጅ። 25 ሚሜ ፕሌት ሁለት የጎን ማጠፊያ ቁራጭ ይሰጣል። 5ጂ ወይም 6ጂ ቱቦ አራት ይሰጣል፤ ቀጭን ከሆነ ሁለት የፊት ሁለት የሩት፣ ወይም አራት የጎን። የሚወጡትም ከላይኛው ነጥብ በ45 ዲግሪ ጀምሮ በየ90 ዲግሪው ነው። ቁራጩ ሲዘጋጅ መሞረጃው በርዝመቱ አቅጣጫ መሄድ አለበት። ብየዳውን ተሻግሮ የሚሄድ የዲስክ ጭረት ሲታጠፍ ይከፈታል፣ ደህና ብየዳም በእሱ ይወድቃል። ጠርዞቹ እስከ 3 ሚሜ ይደበዝዙ፤ ናሙናው ከብየዳ በኋላ በውሃ አይነከር፣ በአየር ይቀዝቅዝ።

ከታጠፈ በኋላ በሁለቱም ኮዶች ከ3 ሚሜ የሚበልጥ ክፍተት ይጥላል። ዲ1.1 ድምሩንም ያያል፤ ከ1 ሚሜ በላይ የሆኑ ትናንሽ ክፍተቶች ተደምረው ከ10 ሚሜ ካለፉ ወድቋል። ሴክሽን 9 ይህ ድምር የለውም። የጠርዝ ስንጥቅ ላይ ሴክሽን 9 ከስላግ ወይም ካለመዋሃድ የመጣ ካልሆነ ይተወዋል፤ ዲ1.1 እስከ 6 ሚሜ ነው የሚታገሠው። እዚህ ላይ ስትራክቸሩ ጥብቅ ነው።

በራጅ ሴክሽን 9 ስንጥቅ፣ ያልተዋሃደ ወይም ያልዘለቀ ቦታ ከታየ በምንም ርዝመት ይጥላል። እስከ 10 ሚሜ ውፍረት ድረስ የተራዘመ ስላግ ከ3 ሚሜ ካለፈ፣ ክብ ቀዳዳ ከውፍረቱ 20 በመቶ ወይም ከ3 ሚሜ፣ ከሁለቱ ካነሰው ካለፈ ይጥላል። የሾርት ሰርኪት ሚግ በራጅ ሊፈተን አይችልም፣ በሁለቱም ኮዶች፤ መታጠፍ አለበት። ይህ ዘዴ የሚፈጥረው ያልተዋሃደ ንብርብር ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ ፊልም ላይ ያመልጣል። ምርጫው የእናንተ ሲሆን፤ የአየር ቀዳዳ የሚያስቸግረው በያጅ ማጠፍን፣ ቁራጭ የማዘጋጀቱ ጥራት የማያስተማምን ቦታ ላይ ያለ ደግሞ ራጅን ይምረጥ።

የወደቀ ሰው ወዲያው እንዲደገምለት ከተፈለገ በወደቀበት አቀማመጥ ሁለት ናሙና ይበይዳል፣ ሁለቱም ማለፍ አለባቸው። ልምምድ ወስዶ ከመጣ ፈተናው አንድ ናሙና ይዞ እንደገና ይጀመራል። «ሁለተኛ ዕድል» ተብሎ አንድ ብቻ ያስበየደ ክፍል ወረቀቱን ኦዲት ላይ ያጣል።

የወረቀቱ ዕድሜ

በሁለቱም ኮዶች ዋናው ቁጥር 6 ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በዚያው የብየዳ ዘዴ ያልሠራ ሰው ብቃቱ ይቋረጣል፤ ከሠራ ያለ ማብቂያ ቀን ይቀጥላል፣ ችሎታው ላይ የተለየ ጥርጣሬ ካልተነሳ በቀር። ቲግ ሲበይድ የቆየ ሰው ቲጉን እንጂ ስቲኩን አላቆየም። ሲታደስ ሴክሽን 9 በማንኛውም ውፍረትና አቀማመጥ አንድ ናሙና ይበቃዋል፣ የዚያ ዘዴ የቀድሞ ብቃቶች ሁሉ ይመለሳሉ፤ ዲ1.1 በ10 ሚሜ ናሙና ያድሳል። አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 9606-1 ግን ሌላ ነው። በየ6 ወሩ ማረጋገጫ ፊርማ ይፈልጋል፣ ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ወይ በየ3 ዓመቱ እንደገና መፈተን ወይ በየ2 ዓመቱ ሁለት የሥራ ብየዳዎችን በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ አስፈትሾ ማራዘም ይጠይቃል። በእሱ የግሩቭ ፈተና ፊሌትን በራሱ አያካትትም፤ በሁለቱ አሜሪካዊ ኮዶች ግን ግሩቭ ያለፈ ፊሌት ይበይዳል።

አብዛኛው ወረቀት የሚጠፋው በችሎታ ማነስ አይደለም፣ የ6 ወሩ መዝገብ ባለመያዙ ነው። ቀን፣ ዘዴ፣ የመጋጠሚያ ቁጥር፣ ፊርማ፤ ይኼ በቂ ነው፣ ግን በሥራው ጊዜ መጻፍ አለበት። የየራሳችሁን ቅጂ ያዙ።

ወረቀቱ የማን ነው የሚለውም ያከራክራል። በሴክሽን 9 በያጁን የሚያበቃው ቀጣሪው ድርጅት ነው፤ ሲበየድ መቆጣጠር ለሌላ አይሰጥም፣ ቁራጭ ማዘጋጀትና ማጠፍ ግን ሊሰጥ ይችላል። ወደ አዲስ ቀጣሪ ይዞ መሄድ በራሱ አይሠራም። ቢ31.3 የቀድሞ ቀጣሪን ፈተና የባለቤቱ ኢንስፔክተር ሲፈቅድ፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ሲሆንና ቅጂው ሲገኝ ይቀበላል። በዲ1.1 ኢንጂነሩ የቀድሞውን ማስረጃ መቀበል ይችላል፣ በሴክሽን 9 የተገኘውንም ጭምር፤ መቀበል ግን ግዴታው አይደለም። ስለዚህ ወደ ሌላ ሥራ ስትሄዱ የምትይዙት የወረቀቱን የመጀመሪያ ገጽ ብቻ አይሁን። የተበየደበት የደብሊውፒኤስ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ዘዴ የተቀመጠው ውፍረት፣ ባኪንግ መኖር አለመኖሩ፣ የኤፍ ቁጥሩ፣ የቁም ብየዳው አቅጣጫ፣ የማጠፍ ወይም የራጅ ውጤቱና የፈረመው ሰው ስም የተጻፈበትን ሙሉ መዝገብ ጠይቁ። «በጥምር፣ 11 ሚሜ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ስንቱ ቲግ ስንቱ ስቲክ እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አስሞሉት፤ ቱቦው ተቆራርጦ ከተጣለ በኋላ የሚያውቀው ሰው አይገኝም።